ቼኾቭ ሕክምና ባይማር ኖሮ የበለጠ ይጽፍ ነበር?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አንቶን ቼኾቭን በጣም ነው የምወደው። ሐኪም ነበር ሲባል እሰማለሁ። እውነት ታካሚ ያይ ነበር ወይስ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወደ ድርሰቱ ገባ? በ44 ዓመቱ ለሞተ ሰው ያ ሁሉ የሕክምና ጊዜ ኪሳራ አይደለም? ሕክምና ባይማር ኖሮ የበለጠ አይጽፍም ነበር?»

አጭሩ መልስ ይኸው። አዎ፣ ታካሚ ያይ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ያውም በነፃ። ሕክምናው ግን ኪሳራ አልነበረም። ጊዜውን የበሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ረጅሙን መልስ ከልጅነቱ ልጀምረው፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቼኾቭ የተወለደው በ1860 በደቡብ ሩሲያ፣ ከአዞቭ ባሕር ዳር ባለችው ታጋንሮግ ነው። አያቱ ባለርስት እንደ ንብረቱ የሚያዝበት ገበሬ ነበር። ገንዘብ አጠራቅሞ የራሱንና የቤተሰቡን ነፃነት የገዛው በ1841 ነው። አባቱ ፓቬል አነስተኛ የሸቀጥ ሱቅ ነበረው። ሃይማኖተኛ ሰው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይመራል፤ ልጆቹን ግን ይገርፋል። በ1876 ከሰረ። ዕዳው እስር ቤት እንዳያስገባው ሹልክ ብሎ ወደ ሞስኮ ጠፋ። ቤተሰቡም ተከተለው። አንቶን ትምህርቱን እስኪጨርስ ብቻውን እዚያው ቀረ። ገና 16 ዓመቱ ነበር። የቤተሰቡ ቤት ባለቤት ሌላ ሰው ሆኗል፤ እሱ የአዲሱን ባለቤት ዘመድ እያስጠና በገዛ ቤታቸው ተጠግቶ ኖረ። ካገኛት ላይ ቆንጠር እያደረገ ለእናቱ ይልክ ነበር።

በ1879 ሞስኮ ገባና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተመዘገበ። የትውልድ ከተማው በወር 25 ሩብል ቆርጣለታለች። ቤተሰቡ ምድር ቤት ውስጥ ተጨናንቆ ነበር የሚኖረው። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ አሌክሳንደርና ኒኮላይ ተሰጥኦ ነበራቸው፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይሥላል። ግን ጠጪዎች ነበሩ። እናም የቤቱ አባወራ የ19 ዓመቱ ተማሪ ሆነ።

ብዙ ሰው ቼኾቭ መጀመሪያ ሐኪም ሆነ፣ በኋላ ወደ ሥነ ጽሑፍ ዞረ ብሎ ያስባል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሕክምናውን ያስተማረው ብዕሩ ነው። በ1880 አጫጭር ቀልዶች ለሳቅ መጽሔቶች መሸጥ ጀመረ። «አንቶሻ ቼኾንቴ» በሚል የብዕር ስም፣ በሌላም በብዙ ስም። ከ1882 ጀምሮ ዋናው ደንበኛው ኒኮላይ ሌይኪን የሚያዘጋጀው የሴንት ፒተርስበርግ መጽሔት ሆነ። ሌይኪን በመስመር 8 ኮፔክ ይከፍላል። ከ100 መስመር ማለፍ ደግሞ አይቻልም። የቤት ኪራዩ፣ የእህቱ የማሪያ ትምህርት፣ የእናቱ ወጪ፣ ሁሉም ከእነዚያ መስመሮች ነበር የሚወጣው። ቼኾቭ አጭር የጻፈው ከፍልስፍና ተነስቶ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ ሌይኪን መቶ መስመር ላይ መቀስ ባያሳርፍ ኖሮ ያ አጭር አጻጻፍ እንዲህ ይሰምር ነበር ብዬ አላምንም።

በ1884 ተመረቀ። በዚያ ክረምት ከሞስኮ ወጣ ብለው ባሉት የቺኪኖና የዝቬኒጎሮድ ሆስፒታሎች ሠራ። ሕፃናት፣ ገበሬዎች፣ የአስከሬን ምርመራ፣ ሁሉም ነበረበት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደም ሳለ። የሳንባ ነቀርሳ ነው። አዲስ ምሩቅ ሐኪም ይህን አያውቅም ማለት ይከብዳል። እሱ ግን ከጉሮሮ ነው፣ ከምን ነው እያለ ለ12 ዓመት ያህል ማንም በደንብ እንዲመረምረው አልፈቀደም። ስለ ቼኾቭ ሳስብ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

በ1886 ሁለት ነገር ሆነ። ሀብታሙ አሳታሚ አሌክሲ ሱቮሪን በትልቅ ጋዜጣው ላይ ሰፋ ያለ ቦታና የተሻለ ክፍያ ሰጠው። በማርች ወር ደግሞ አንጋፋው ደራሲ ዲሚትሪ ግሪጎሮቪች ደብዳቤ ላከለት። አንተ እውነተኛ ተሰጥኦ አለህ፤ በችኮላ አታባክነው፤ ብትራብም ተርበህ በእርጋታ ጻፍ የሚል ነው። ቼኾቭ ደንግጦ መለሰ። ከአንድ ቀን በላይ የሠራሁበት አንድም ታሪክ ትዝ አይለኝም አለ። ግሪጎሮቪች የወደደለትን ታሪክ የጻፈው መዋኛ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደነበርም አልደበቀም። ምክሩ ጥሩ ነበር። «ብትራብም» የምትለዋ ግን ለባለርስት ልጅ እንጂ ስድስት ሰባት አፍ ለሚጠብቀው ልጅ አትሆንም።

ሁሉም የሚጠቅሳት ንግግርም የመጣችው በዚህ ጊዜ አካባቢ ነው። በ1888 ሱቮሪን ሁለት ጥንቸል አታባር፣ ሕክምናውን ተወው የሚል ዓይነት ምክር ሰጠው። ቼኾቭ ሕክምና ሕጋዊ ሚስቴ ናት፣ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ ውሽማዬ ናት ብሎ መለሰ። አንዷ ስትሰለቸኝ ከሌላዋ ጋር አድራለሁ፤ ሁለቱም በእኔ ክህደት የሚጎዱ አይደሉም አለ። ሰው በዚህ ይስቃል፣ ያልፋል። ቀልዱ ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ። ያን ዓመት የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ የፑሽኪንን ሽልማት እኩሌታ፣ 500 ሩብል፣ ሰጥቶታል። ዝናው ወጥቷል። ሐኪምነቱን ለመጣል ከዚያ የተሻለ ሰበብ አይገኝም ነበር። አልጣለውም።

ታዲያ ሕክምናው ምን ሰጠው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ግሪጎሪ ዛኻሪን የሚባል የታወቀ ፕሮፌሰር ነበር። ዝነኛ ያደረገው ሕመምተኛን አጠያየቁ ነው። የት ነው የምትኖረው? ክፍልህ እርጥበት አለው? መቼ ትተኛለህ? ምን ትበላለህ? ሥራህ ምንድን ነው? ከዚህ ሕመም በፊት ምን አመመህ? እያለ ሰውየውን ከነኑሮው ይመረምራል። በሽታውን ነጥሎ ሳይሆን ያንን አንድ ሰው ማከም ነበር ትምህርቱ። ቼኾቭ በ1892 ስለ ራሱ ሲጽፍ ከደራሲዎች ቶልስቶይን፣ ከሐኪሞች ዛኻሪንን እመርጣለሁ ብሏል። ይህን ዝም ብሎ አድናቆት አድርጌ አላየውም። እኔ እንደማነበው የቼኾቭ አጻጻፍ ምስጢር ግማሹ የዛኻሪን አጠያየቅ ነው።

በ1886 የጻፈውን የባለጋሪውን የኢዮናን ታሪክ ያስታውሱ። ልጁ ሞቶበታል። በረዶ እየወረደበት ሰው ሲያሳፍር ይውላል። ለተሳፋሪው ሁሉ ልጄ ሞተ ሊል ይሞክራል፤ የሚሰማው የለም። ኢዮና ምንድን ነው መናገር የሚፈልገው? ልጁ እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንደተሠቃየ፣ ከመሞቱ በፊት ምን እንዳለ፣ እንዴት እንደሞተ። በቅደም ተከተል፣ ረጋ ብሎ። ሐኪም የሕመም ታሪክ ሲቀበል የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነው። ያን ቀን ከተማው ሙሉ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ለፈረሱ ነገረው። ቼኾቭ ይህ አሳዛኝ ነው አይልም። የጎደለው ጥያቄ ምን እንደሆነ አሳይቶ ይተዋል።

በ1888 የጻፈው የቫርካ ታሪክም እንዲሁ ነው። ቫርካ የ13 ዓመት ሞግዚት ናት። ሌት ተቀን ሕፃን ታባብላለች፤ እንቅልፍ የላትም። የሰው ጭንቅላት እንቅልፍ ሲያጣ ምን እንደሚሆን በደረጃ በደረጃ እናያለን። ግድግዳ ላይ ጥላ ይንቀሳቀሳል፣ ሕልምና እውን ይደባለቃል፣ ሐሳቧ ይበጣጠሳል። መጨረሻው አሰቃቂ ነው። ግን ክፉ ልጅ ነበረች ብሎ የሚፈርድ አንባቢ አላየሁም። ቼኾቭ ራሱ ለቀድሞ የክፍል ጓደኛው፣ ለነርቭ ሐኪሙ ለሮሶሊሞ፣ በ1899 በጻፈለት ማስታወሻ ላይ ሕክምና የማየት አድማሴን አስፍቶልኛል፣ ከብዙ ስሕተትም ጠብቆኛል ብሏል። ከሳይንስ ጋር የሚጋጭ ነገር ከመጻፍ ጭራሽ አለመጻፍ ይሻለኛል የሚል ሐሳብም አለበት።

በዘመኑ ግን ይህ ነገር አስወቅሶታል። ኒኮላይ ሚኻይሎቭስኪን የመሰሉ ትልልቅ ሐያሲዎች ቀዝቃዛ ነው፣ ግድ የለውም፣ መልእክት የለውም አሉት። የሩሲያ ደራሲ ያኔ ሰባኪ መሆን ነበረበት። ቼኾቭ ለሱቮሪን ሲጽፍ ጥያቄን መፍታትና ጥያቄን በትክክል ማቅረብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ከደራሲ የሚጠበቀው ሁለተኛው ነው አለ። ታካሚውን ሳያይ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንደሚያስጠላው ሁሉ ሰውን ሳያይ የሚፈርድ ደራሲም አስጠልቶታል ማለት ነው። ቶልስቶይን እንኳ አልማረውም። ያከብረዋል፣ ይወደዋል። ግን ስለ ጋብቻና ስለ በሽታ በድፍረት ሲጽፍ ነገሩን ሳያጠና ነው የሚናገረው ብሎ በደብዳቤው ወቅሶታል።

ግድ የለውም ለሚሉት መልሱ የሳካሊን ጉዞ ነው። ሳካሊን በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ያለች የእስረኞች ደሴት ናት። በ1889 ወንድሙ ኒኮላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። አንቶን ለሳምንታት አስታመመው፤ በሞተበት ቀን ግን ለጥቂት ቀን ወጣ ብሎ አጠገቡ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ላይ ተነሣ። ሳይቤሪያን የሚያቋርጠው የባቡር ሐዲድ ገና አልተጀመረም። በወንዝ ጀልባ፣ ከዚያ ሺህ ኪሎ ሜትሮች በፈረስ ጋሪ፣ በጭቃና በጎርፍ፣ ደም እየሳለ ሄደ። ጁላይ ላይ ደረሰ። ሦስት ወር ተቀመጠ። ንጋት ላይ ተነሥቶ ከቤት ቤት ይዞራል። የእያንዳንዱን እስረኛና ሰፋሪ ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበትን ዓመት፣ ሥራውን፣ በሽታውን በካርድ ይመዘግባል። ወደ 10,000 የሚጠጋ ካርድ ሞላ። ግርፋት አየ፣ የተራቡ ሕፃናት አየ፣ ሆስፒታል ተብዬዎቹን አየ። ዛኻሪን ለአንድ ሰው ያደርገው የነበረውን ለአንድ ደሴት አደረገው።

በሆንግ ኮንግ፣ በሲንጋፖርና በሲሎን በኩል ዞሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመለሰ። «የሳካሊን ደሴት» በመጽሐፍ የወጣው በ1895 ነው። ቁጥር የበዛበት፣ ደረቅ የሚመስል ጽሑፍ ነው። ለሕክምና ያለብኝን ዕዳ ከፈልኩ የሚል ስሜት ነበረው። ሮሶሊሞ በኋላ እንደጻፈው መጽሐፉን ለዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናት አድርጎ የማስተማር ሐሳብ ነበረው፤ ዲኑ ግን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ከጉዞው የተረፈው «ክፍል ቁጥር 6» ነው። በ1892 ወጣ። ራጊን የሚባል የተማረ ሐኪም ሥቃይ የሐሳብ ጉዳይ ነው እያለ ሲፈላሰፍ የእብዶችን ክፍል ለዘበኛው ዱላ ይተወዋል። መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ ተቆልፎበት ያንኑ ዱላ ይቀምሳል። ሐኪሞችን ከዚህ የባሰ የከሰሰ ታሪክ አላውቅም። ከሳሹ ደግሞ ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ጊዜው ስሌት ልምጣ፤ ጠያቂያችን የያዙት ዋናው ነገር ይኸው ነውና።

በ1892 ከሞስኮ በስተ ደቡብ ሜሊኾቮ ላይ መሬትና ቤት ገዛ። በዚያው ዓመት ኮሌራ መጣ። የአካባቢው ምክር ቤት ሐኪም ሲፈልግ ቼኾቭ ያለ ደመወዝ እሠራለሁ አለ። 25 መንደር፣ 4 ፋብሪካና 1 ገዳም ተሰጠው። ረዳት የለም፣ ገንዘብ የለም። ባለጸጋዎችን እየዞረ ይለምናል፤ መጠለያ ያሠራል፤ ገበሬውን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ይላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1,000 ያላነሰ ሕመምተኛ ሳላይ አልቀረሁም ብሎ ጽፏል። ኮሌራው ካለፈ በኋላም ሰው በጠዋቱ ደጁ ላይ ይሰለፋል። በዚያ ላይ ሦስት ትምህርት ቤት አሠራ። የቀዶ ሕክምና መጽሔት በገንዘብ እጦት ሊዘጋ ሲል አሳታሚ ፈልጎ አዳነው።

ይህን የሰማ ሰው በእነዚያ ዓመታት ምንም አልጻፈም ብሎ ይደመድማል። ከ1892 እስከ 1897 የወጡትን ይመልከቱ፦ «ክፍል ቁጥር 6»፣ «ጥቁሩ መነኩሴ»፣ «ተማሪው»፣ «ሕይወቴ»፣ «የባሕር ወፍ»፣ «አጎት ቫኒያ»፣ «ገበሬዎቹ»። ሌላ ደራሲ ቢሆን ይህ ብቻ ለዕድሜ ልክ ይበቃዋል። «ገበሬዎቹ» ሲወጣ ሩሲያ ተንጫጫች። የገበሬው ድህነት፣ ስካሩ፣ ዱላው እንዲህ ተገልጦ አያውቅም ነበር። ያንን ሊጽፍ የሚችለው ጎጆው ውስጥ ገብቶ ሕፃን ያየ ሰው ነው።

በተቃራኒው ሕክምናውን ያቆመበትን ዘመን ይውሰዱ። በማርች 1897 ሞስኮ ውስጥ ከሱቮሪን ጋር እራት ቀርቦ ሳለ ደም ከአፉ ፈሰሰ። አሁን መደበቅ አልተቻለም። ሆስፒታል ተኛ፤ ምርመራው ሁለቱም ሳንባዎቹ መጎዳታቸውን አሳየ። ታካሚ ማየት ተው ተባለ። በ1898 ክራይሚያ ውስጥ ወዳለችው ያልታ ሄዶ ቤት ማሠራት ጀመረ። በ1899 የሥራዎቹን የማሳተም መብት ለአሳታሚው ለአዶልፍ ማርክስ በ75,000 ሩብል ሸጠ። ለገንዘብ ቸኩሎ የገባበት መጥፎ ውል ነበር፤ ማርክስ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብዙ አተረፈበት። እንግዲህ ቤት አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ታካሚ የለም። ጊዜው ሁሉ የእሱ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ የጻፋቸው ታሪኮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «ባለ ውሻዋ ሴትዮ» አንዷ ናት፤ እሷን የመሰለች ታሪክ መኖሯ አይካድም። ግን በቀን ጥቂት መስመር እየጻፈ ነበር። ሳሉ አላስቀምጥ አለው። ጊዜውን የበላው በሽታው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በሃያዎቹ ዕድሜ የቤተሰቡ ዳቦ ነበር። ለዳቦ ብሎ የጻፋቸው ቀልዶችም ተቆጥረው ከ500 በላይ ሥራ ትቷል።

ስለ ተውኔቶቹ ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሎባቸዋል። «የባሕር ወፍ» በኦክቶበር 1896 ፒተርስበርግ ላይ ሲታይ ተመልካቹ በሳቅና በጩኸት አዋረደው። የምሽቱ ክብር የአንዲት ኮሜዲ ተዋናይት ስለነበር ሕዝቡ የመጣው ሊስቅ ነው። ቼኾቭ ከቲያትር ቤቱ ወጥቶ በብርድ ሲንከራተት አመሸ፤ በማግሥቱም ከተማውን ለቀቀ። የሚገርመው ቀጣዮቹ ትርኢቶች ጥሩ ተቀባይነት ነበራቸው፤ እሱ ግን የሰማው የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የስታኒስላቭስኪና የኔሚሮቪች ዳንቼንኮ አዲሱ የሞስኮ አርት ቲያትር አነሣው። ያንን የባሕር ወፍ እስከ ዛሬ አርማው አድርጎታል። ከዚያው ቲያትር ቤት ተዋናይ ኦልጋ ክኒፐር ጋር በ1901 ተጋባ። እሷ ሞስኮ፣ እሱ ያልታ፤ ትዳሩ በአብዛኛው በደብዳቤ ነበር።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመው የተውኔቶቹ ሐኪሞች ጉዳይ ነው። በትልልቆቹ ተውኔቶች ውስጥ ከ«ቼሪ አትክልቱ» በቀር ሐኪም የሌለበት የለም። አንዳቸውም ጀግና አይደሉም። የ«አጎት ቫኒያ» ሐኪም አስትሮቭ በክሎሮፎርም ማደንዘዣ የሞተበት ሰው ከዓይኑ አይጠፋም፤ ደን ይተክላል፣ ይጠጣል። የ«ሦስቱ እህቶች» ሽማግሌ ሐኪም ቼቡቲኪን የተማረውን ሁሉ ረስቷል፤ በእጁ ሴት ሞታበታለች። እንዲህ ያለ ነገር ከውጭ ሆኖ አይጻፍም።

በ1904 ጁላይ በጀርመኗ ባደንቫይለር ሞተ። ሐኪም ነውና ያወቀው ራሱ ነው። እሞታለሁ ብሎ በጀርመንኛ ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ሻምፓኝ አዘዘለት። ቼኾቭ ሻምፓኝ ከጠጣሁ ቆየሁ አለና ጠጣ። አስከሬኑ ወደ ሩሲያ የተጓዘው ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ምግብ ለማጓጓዝ በተሠራ ማቀዝቀዣ የባቡር ፉርጎ ነው። ደራሲው ማክሲም ጎርኪ በዚህ በጣም ተቆጥቶ ጽፏል። እኔ ግን ቼኾቭ ቢያየው ኖሮ በሳቅ ይፈርስ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ሐኪሙን በጽሑፉ ውስጥ ለማየት ከፈለጉ መጀመሪያ በ1887 የወጣውን «ጠላቶች» ያንብቡ። ልጁ በዲፍቴሪያ ከሞተ ደቂቃዎች ያለፉትን ሐኪም አንድ ባለጸጋ ሚስቴ ታማለችና ና ብሎ ይወስደዋል። ከዚያ የባለጋሪውን ታሪክ፣ ቀጥሎ «ክፍል ቁጥር 6»ን። «አጎት ቫኒያ»ን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። «የሳካሊን ደሴት» ከባድ ነው፤ አንድ ሁለት ምዕራፍ ቀምሰው ቢያቆሙ ማንም አይወቅስዎትም።